የእትዬ አስካለ ዛፍና የእኔ ታንጀንት

ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ትልቅ መጽሐፍ ያለበት ቤት የገባ እንግዳ የሚጠይቀው ነገር አንድ ነው። «ይህን ሁሉ አንብበኸዋል?» ይላል። የእኔው መጽሐፍ ደግሞ ጭራሽ የሚነበብ አልነበረም። ስለ ሒሳብ ፈንክሽኖች የተዘጋጀ ማመሳከሪያ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ቁጥር፣ እዚህም እዚያም ኩርባ መስመር፣ ማብራሪያው በሩስኛ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይጠየቃል እንጂ አይነበብም። ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ መልሳችሁን ይሰጣችኋል፣ ትዘጉታላችሁ። ከስንቱ ዘመድ ይሻላል!

ሶቭየት ኅብረት ተምሬ ስመለስ ጓደኞቼ ፍሪጅና ቴፕ ሲጭኑ እኔ ይህን ተሸክሜ መጣሁ። ድሬዳዋ የሒሳብ መምህር ሆኜ ተመደብኩና ከዚራ ሰፈር፣ እትዬ አስካለ ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ ካልኩሌተር አልጠፋም፤ ከጅቡቲ በባቡር፣ በሴቶች ቀሚስ ሥር ተደብቆ ይገባ ነበር። ባትሪው ሲያልቅ ግን አለቀ ነው። የእኔ መጽሐፍ ባትሪ አይበላም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር እንኳ አንድ ቀን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ አንድም ነገር እንዳልገባው ካረጋገጠ በኋላ፣ ሩስኛ መሆኑን ሲሰማ በሁለት እጁ አክብሮ መልሶልኛል።

ከሰዓት በኋላ፣ የድሬ ሙቀት ሰውን ከቤት ሲያስወጣ፣ ሽርጤን አገልድሜ ግቢው መሀል ካለው ኒም ዛፍ ሥር ከነመጽሐፌ እጎለታለሁ። እውነቱን ለመናገር የምጎለተው ለጥላው ብቻ አልነበረም። የእትዬ አስካለ ልጅ ሰናይት ከፋብሪካ ስትመለስ በዚያ በኩል ነው የምታልፈው። ዛሬስ ምን እያየህ ነው ትለኛለች። ሳይን እላታለሁ። ትስቃለች። በቃ፣ ጨዋታችን ይኸው ነበር። እወዳት ነበር፤ አልነገርኳትም እንጂ።

ኒሙን ምስጥ በላውና መቆረጥ አለበት ተባለ። የቀበሌ ፈቃድም ተገኘ። ጭንቁ ዛፉ ሲወድቅ ማድቤቱን ይመታል ወይስ አይመታም የሚለው ነበር። ጎረቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር፣ እኔ በማዕዘን መለኪያ ላይ ጠጠር በክር አንጠልጥዬ የዛፉን ጫፍ አነጣጠርኩ፤ መጽሐፌን ገልጬ ታንጀንቱን አየሁ፣ አባዛሁ፣ ደመርኩ። አንድ ክንድ ይቀረዋል አልኩ። ዛፉ ተቆረጠ፤ ከማድቤቱ ግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ርቆም ጋደም አለ።

ታዲያ እኔንም ሆነ ታንጀንትን ያመሰገነ ሰው የለም። የተመሰገነው መጽሐፉ ነው።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ክፍሌ ድረስ መጡ። ግርማ የሚባል የባቡር ተቆጣጣሪ ለሰናይት ሽማግሌ ልኳል። ኮከባቸው ይገጥም እንደሆነ መጽሐፉን እንድጠይቅላቸው ነው፤ የሁለቱንም ስም ከነእናታቸው ስም ይዘው መጥተዋል። መጽሐፉ ሒሳብ እንጂ ኮከብ አይቆጥርም ብዬ ማልኩ፣ ተገዘትኩ። «ኧረ አቦ ቲቸር!» አሉኝ፤ «የዛፍ አወዳደቅ ያወቀ የሰው አያውቅም?» ለዚህ የሚሆን መልስ ሩስያ አላስተማሩኝም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? መዋሸት አልፈለግሁም፤ ሰናይትን ለባቡር መስጠትም አልፈለግሁም። ያንኑ ዛፍ የጣለውን ታንጀንት ገለጥኩ። ኩርባው ተስሏል፤ አጠገቡ ቀጥ ያለ መስመር ቆሟል። ከሥሩ የተጻፈውን ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። ኩርባው ወደ መስመሩ ይቀርባል፣ እየቀረበ እየቀረበ ይሄዳል፣ መቼም ግን አይደርስበትም። ድምፄን እንደ ንስሐ አባት ዝቅ አድርጌ ነበር ያነበብኩት። በልቤ ግርማን ሸኘሁት።

 እትዬ አስካለ እልልታውን አቀለጡት!

እሳቸውና ሟች ባለቤታቸው፣ የባቡር ሠራተኛው፣ በፍቅር የኖሩት ልክ እንደዚሁ ነው አሉኝ። መጣ ሲሉት ደወሌ ጣቢያ ነው፣ ደረሰ ሲሉት ተመልሶ ጅቡቲ ነው፤ መናፈቅ እንጂ መጨቃጨቅ አያውቁም ነበር። የተጣሉት ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል የጀመረ ጊዜ ነው። «ባል ሲቀርብ ነው እንጂ ሲደርስ ምን ያደርጋል!» አሉ። «ከሰዓት ከሰዓት በሽርጥ ከሚጎለት ወንድ ይሰውራት!» ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም። ማየትም አላስፈለጋቸውም።

ሰናይትን ያገኘኋት በማግስቱ ነው። እኔ ጉቶው ላይ ተቀምጬ ነበር። ምን እያየህ ነው አላለችኝም፣ አልሳቀችምም። ለካ እናቷን ወደ እኔ የላከቻቸው እሷው ናት፤ ቲቸር ያለውን እቀበላለሁ ብላ ቃል ገብታ። «መጽሐፍህን አልነበረም እኮ የጠየቅንህ» አለችኝ፤ «አንተን ነበር።»   ሲጠየቅ ወዲያው የሚመልሰው መጽሐፉ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ጥላ በሌለው ግቢ እዚያው እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

የሰናይትና የግርማ ሠርግ ድንኳን የተተከለው ዛፉ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል ብለው የሰጉት እትዬ አስካለ፣ ካስማው ከተራዳው ምን ያህል ርቆ ይመታ ሲሉ ሰው ላኩብኝ። እኔም መጽሐፉን አውጥቼ አሰላሁ። ሙሽሮቹ ገብተው፣ ጭፈራው ደርቶ ሳለ፣ ከደቻቱ ወንዝ በኩል አሸዋ የጫነ ነፋስ መጣና የጎረቤቱን ቆርቆሮ ገነጠለ።

ድንኳኑ ንቅንቅ አላለም። መጽሐፉ እንደሆነ ተሳስቶ አያውቅም።