ጠመኔ ያምረዋል ወይ?

[ወሎ፣ መካነ ሰላም፣ በ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.፣ በረሃቡ ዘመን። አቶ አምባቸው ጡረታ የወጣ የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰር ነው። አንድ እንግዳ ሐኪም ትቶለት በሄደው የሆሚዮፓቲ መጽሐፍ ይመካል፤ የሕመሙን ምልክት ከማውጫው ይፈልግና የስኳር እንክብል ይሰጣል። ጎረቤቱ ሀሊማ ስሙን ስላልነገረችው አንድ ታማሚ ልትጠይቀው ፊቱ ቆማለች።]

አምባቸው፡ ቀኝ ወይስ ግራ? አንድ ነገር ነው የጠየቅሁሽ!

ሀሊማ፡ ሆዱን ነው አልኩዎ እኮ! ሆድ ቀኝና ግራ አለው?

አምባቸው፡ ማውጫው ይለያል። የቀኙ መድኃኒት ሌላ፣ የግራው ሌላ።

ሀሊማ፡ እንግዲያውስ መሀል ነው በሉልኝ።

አምባቸው፡ መቼ ይብስበታል?

ሀሊማ፡ የሰው ቤት ወጥ ሲሸተው።

አምባቸው፡ [እየገለጠ] ምን ያምረዋል? ጠመኔ? ከሰል? አፈር?

ሀሊማ፡ እንጀራ።

አምባቸው፡ እንጀራ የሚል የለም። ጠመኔ አለ።

ሀሊማ፡ ጠግበው ነዋ የጻፉት!

አምባቸው፡ አይገባሽም! ረቂቅ ሕክምና ነው። ሕመሙን የሚያመጣው ነገር ራሱ፣ በጥቂቱ ሲሰጥ ያድናል።

ሀሊማ፡ ረሃብን ረሃብ ያድነዋል? ወላሂ፣ ወሎ ድኗል በሉኛ! አዲስ አበባ ያሉት ጌቶችም ለካ በዚሁ ነው የሚያክሙን።

አምባቸው፡ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል! ደግሞ መድኃኒቱ ባነሰ ቁጥር ይበረታል።

ሀሊማ፡ ታዲያ ከኛ ጎታ የበረታ ከየት ይመጣል? ከአምና ጀምሮ ባዶ ነው።

አምባቸው፡ [ተናዶ] ጠባዩን ንገሪኝ!

ሀሊማ፡ ቁጡ ነው። ብድግ ሲል ያዞረውና ግድግዳ ይይዛል። የደረሰውን ለልጆቹ ሰጥቶ «ውጭ በልቻለሁ» ይላል።

አምባቸው፡ በዚህ ዘመን ውጭ ምን ይበላል? ድንጋይ? ሚስቱስ ታምነዋለች?

ሀሊማ፡ አታምነውም።

አምባቸው፡ ይሄ ማውጫም አያሻውም፤ ጅል ነው! ቶሎ ይብላ፣ አለዚያ ይሞታል። ለመሆኑ የማን ባል ነው?

ሀሊማ፡ የሐረግ።

አምባቸው፡ የየትኛዋ ሐረግ?

ሀሊማ፡ የርስዎዋ። [ከመቀነቷ ቋጠሮ ፈትታ] የገብስ ቆሎ ነው፣ በሬያችንን ሸጠን የሸመትነው። ብሉ እንጂ፣ የሐኪም ትእዛዝ ነው!

አምባቸው፡ [መጽሐፉን ዘግቶ] ልጆችሽስ?

ሀሊማ፡ አብሽሩ፣ የነሱ ድርሻ ቤት አለ።

አምባቸው፡ [እያኘከ] ብቻ... ጅል ማለቴን ለሐረግ እንዳትነግሪያት።

ሀሊማ፡ ምን እነግራታለሁ? በሩ ሥር ቆማ ስትሰማ ነው የቆየችው!