ብልጭ የማይለው የአባቴ መነጽር

ለወላጆቹ ስጦታ የሚገዛ ልጅ አንድ አጉል አመል አለበት፤ እነሱ ኖረው የለመዱት ዕቃ ሁሉ ጎዶሎ ይመስለዋል። ምስክር ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ፤ እኔ አለሁ።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቤታችን ከሰቆጣ ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ትልቅ ጋራ ትይዩ ነው። አባቴ ከከተማ ሲመለሱ አስር ሰዓት ላይ ጋራው አናት ይደርሳሉ፤ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትመታቸው መነጽራቸው ከማዶ ብልጭ ይላል። ከዚያ እስከ ቤት አንድ ሰዓት ያስኬዳል። በልጅነታችን ያቺን ብልጭታ ስናይ እናቴ ወጥ ታሞቃለች፣ እኛ የተጣላነው እንታረቃለን፣ ደብተር እንገልጣለን። ደብተሩ ተዘቅዝቆ ቢሆንስ ማን ልብ ይለዋል? አባቴ በተፈጥሯችን ጨዋ እንደሆንን የሚያምኑ ይመስለን ነበር። አደራ፣ እንዳትነግሯቸው እንባባል ነበር! ያ ጊዜ ይናፍቀኛል።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ስመጣ መነጽራቸው ተጫጭሮ፣ አንድ ጆሮው በክር ታስሮ አገኘሁት። የመነጽር ቁጥራቸውን ቀድሜ ይዤ ስለነበር ከባሕር ዳር አዲስ አምጥቼላቸው ነበር። የመነጽር ቤቱ ባለሙያ እንዳስረዳኝ ሌንሱ ስስ ቅብ አለው፤ ብርሃኑን ከማንጸባረቅ ይልቅ ወደ ዓይን ያሳልፈዋል። ብርሃን የማያባክን መነጽር! ለመምህር ከዚህ ወዲያ ምን ስጦታ አለ?

አባቴ አደረጉት። በልጅነቴ ቀና ብዬ ሳያቸው መነጽራቸው ላይ የሚታየኝ የራሴ የፈራ ፊት ነበር። ለካ ከበስተኋላው እንዲህ ያለ የዋህ ዓይን ኖሯል! ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ምን ያስፈራኝ ነበር?

ቅዳሜ አዲሱን መነጽር አድርገው ገበያ ሄዱ። አስር ሰዓት ሲሆን እናቴ ደጅ ቆመች። ብልጭታ የለም። አስር ተኩል ሆነ፤ ጋራው ጭር እንዳለ ነው። ከዚያ ርቀት ደግሞ ሰው ከቁጥቋጦ አይለይም። ስልካቸውስ? እንደ ልማዳቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ሄደዋል። እናቴ ገደል ገብቷል ብላ ጮኸች። ጎረቤታችን አያ ኪሮስ ሰው አስከትለው ቃሬዛ ይዘው ወጡ፤ እኔ፣ የመከራው ሁሉ አስመጪ፣ ገመድ ተሸክሜ ከፊት እሮጣለሁ።

ጋራው ሥር ስንደርስ አባቴ ጨው አንጠልጥለው ከች አሉ። ቃሬዛውን አይተው ደነገጡና ማን እንደሞተ ጠየቁ። አያ ኪሮስ አንገታቸውን ደፍተው እርስዎ ነዎት መምህር አሏቸው።

ቤት ስንደርስ እናቴ አባቴን ስታይ አለቀሰች፤ እኔን ስታይ ተቆጣች። ዕድሜዋን ሙሉ ያቺን ብርሃን እያየች ነው ያለ ስጋት የጠበቀችው፤ ምን በደልኩህና አጠፋህብኝ አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ልክ በአስር ሰዓት፣ ጋራው ላይ ብልጭ አለ። እናቴ ወደ ወጧ ሄደች። እኔ ጸጉሬ የሸበተው ሰውዬ ደግሞ፣ እጄ በራሱ ጊዜ ደብተር ሲፈልግ ያዝኩት።

አባቴ አዲሱን አድርገው፣ አሮጌውን በኪሳቸው ይዘው ገቡ። አዲሱ ለማየት፣ አሮጌው ለመታየት መሆኑን ነገሩኝ፤ ጋራው ላይ ቆም ብለው ይቀይራሉ። ለእናቴ ሲሉ እንደሆነ ገብቶኛል አልኳቸው።

በዚያ የዋህ ዓይናቸው አዩኝና ድሮም ቆም ይሉ እንደነበር፣ ያኔ ግን ለእኛ ደብተር ማውጫ ጊዜ ለመስጠት እንደነበር ነገሩኝ። ብቻ ያን ሁሉ ዓመት ሲጠብቁን አንድ ቀን እንኳ ደብተሩን አቅንተን እንዳልያዝንላቸው አከሉ።