ከልጁ ጋር የተመዘገቡት አያት

ልጅ ትምህርት ቤት አድርሰው የማይመለሱ አያት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በወገዳ ከተማ የሕፃናት መምህርት ነኝና አንድ አሉኝ፤ አያ ደምሴ ይባላሉ።

መስከረም ላይ ስለ ጸደይ ስናስተምር፣ ሕፃናቱ በየጣሳቸው ባቄላ ዘሩ። አያ ደምሴ በበሩ ብቅ ብለው ሲያዩ ክው አሉ።

«ምነው፣ ባቄላ በመስከረም ይዘራል? ጊዜውማ ሰኔ ነበር!»

«አያ ደምሴ፣ ለትምህርት ነው እንጂ ለአዝመራ አይደለም» አልኳቸው።

ማን ሊሰማኝ! በማግስቱ ለልጅ ልጃቸው ለናሆም ጣሳ ፍግ ይዘው መጡ። ሌላ ቀን ደግሞ ወንጭፍ አንጠልጥለው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ክፍል ውስጥ ወፍ ከየት ይመጣል ብላቸው «ወፍ አስፈቅዶ ነው እንዴ የሚገባው?» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ስም ስጠራ «ናሆም!» አልኩ።

«አቤት!» አሉ አያ ደምሴ፣ ከትንሿ ወንበር ላይ ብድግ ብለው።

«ልጁስ?»

«ጉንፋን ይዞት ተኝቷል።»

ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ በርቷል። ጣሳውን በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉት፤ ባቄላው አፈሩን ሰንጥቆ ወጥቷል! ክፍሉ በጩኸትና በጭብጨባ ተናጋ። አያ ደምሴ ገና ምንም ያልበቀለባቸውን የሌሎቹን ጣሳዎች አንድ በአንድ ቃኙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የኔታ፣ አንደኛ ወጣን አይደል?»