ከዋሱ አፍ

አፈ ጉባኤ የሌለው ሰፈር አይኖርም። ማንም ሳይመርጠው፣ አፍ ላለውም ለሌለውም የሚናገር አንድ ሰው በየግቢው አይጠፋም። በ1972 ቦሌ ውስጥ ያለ የአንድ ግቢ ተከራዮች ክቡር አፈ ጉባኤ አቶ ላጲሶ ነበሩ። ከከምባታ መጥተው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አትክልተኛ ሆነዋል፤ አማርኛን የተማሩት ከሬዲዮ ዜና ነው። ጨው ሲበደሩ እንኳ "ለተደረገልን ትብብር በአብዮታዊ ስሜት እናመሰግናለን" ይሉ ነበር።

ደመወዝተኛ ስለሆኑ፣ ከየአገሩ መጥቶ ሥራ የሚፈልግ ሁሉ ዋስ የሚጠራው እሳቸውን ነው። የዋስ ሥራ መፈረም ነው። አቶ ላጲሶ ግን መልስም ይሰጣሉ። የአገራቸውን ልጅ ማሞን አንድ የአናጢዎች ማኅበር ይዘውት ሲገቡ፣ ስሙን ቢጠይቁት እሳቸው መለሱ፤ ዕድሜውንም እሳቸው፤ መጋዝ ይችል እንደሆነም እሳቸው። በመጨረሻ ሥራው ለእሳቸው ተሰጠ።

"ይቅርታ ጓዶች፣ እኔ ሥራ አለኝ" ብለው በኩራት ወጡ። ማሞ ስምንት ወር ድንጋይ ተሸከመ።

የግቢው ተከራይ ብርኽቲ ይህን ሰምታለች። ከአዲግራት ከመጣች አምስት ወሯ ነው። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ልብስ አጣቢ ይፈልጋል፤ ይህ ካመለጣት ሻንጣዋን ይዛ ወደ አገሯ መመለሷ ነው። ጠዋት በራቸው ላይ ቆመች።

"አቶ ላጲሶ፣ በእግዚአብሔር፣ ዛሬ እኔ ልናገር።"

"ልጄ፣ አማርኛሽ የተሰባበረ ነው። እኔ ስመጣ አፍ አጥቼ ከሦስት መሥሪያ ቤት ተመልሻለሁ። እዚያ ቆሞ መንተባተብ ምን እንደሆነ አታውቂም።"

"ይሰባበር። የኔ ነው።"

አቶ ላጲሶ እስከ ማረፊያው ድረስ ቃል አልተነፈሱም። እንዲህ ያለ ነገር በግቢው ታሪክ ታይቶ አይታወቅም።

"የወይን ጠጅ የነካው ጨርቅ በምን ይጸዳል?" አለች ኃላፊዋ ወይዘሮ ፀሐይነሽ።

ብርኽቲ ጀመረች፤ ቃል ጠፋት። አቶ ላጲሶ አፋቸውን ከፈቱ። ዞር ብላ አየቻቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠርዙን ነከሱ።

"ላሳይዎት" አለች ብርኽቲ። ጨውና ሎሚ አስመጥታ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በትግርኛ እያስረዳች፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወይን የፈሰሰበት ጨርቅ እንደ አዲስ አደረገችው። ፀሐይነሽ ሳቀች።

"ነገ ነይ።"

አቶ ላጲሶ እንባቸው እየወረደ ፈረሙ። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ፣ የጨርቅ አስተጣጠብን አንድም ሳያስቀሩ አስተማሯት። ብርኽቲ እየሳቀች ሰማቻቸው፤ ያን ቀን ወደደቻቸው።

ሰባት ዓመት አለፈ። አሁን ደግሞ ዋሷ ብርኽቲ ሆነች። አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ ይዛ ፀሐይነሽ ፊት ቀረበች።

"ስምሽ ማን ነው?"

ልጅቷ ፈርታ መሬት መሬት አየች። ብርኽቲ ቀደመቻት።

"ሙሉአለም ትባላለች! በጣም ጎበዝ ናት! ሁሉንም..."

ፀሐይነሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ብርኽቲ፣ ባርኔጣ ይምጣልሽ?"

ብርኽቲ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ ነከሰች።