ለአያ ጅቦ ንግግር የተሰጠ ማርክ

ያኔ አውሬ ሁሉ በአንድ ቋንቋ በሚግባባበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ እናቶች ተቸገሩ። ውሃው ራቀ። ግልገል ይዞ መሄድ አይቻል፣ ትቶ መሄድም ያስፈራል። ስለዚህ የግልገል ጠባቂ ይመረጥ ተባለና ሁሉም ዋርካው ሥር ተሰበሰበ።

ልጠብቅ ብሎ የቀረበው አያ ጅቦ ብቻ ነበር። ድንጋይ ላይ ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናቶቼ፣ እኔን ታውቁኛላችሁ። አባቴም አያቴም እዚሁ ጫካ ነው የኖሩት። እኔም እናት ነበረችኝ» አለና አለቀሰ። እንባውን ጠርጎ ቀጠለ። «ግልገል ቢጠፋ አሽትቶ የሚያገኝ ማን ነው? እኔ። ጥርሱ የሚያስፈራ ማን ነው? እኔ። ታዲያ ከእኔ የተሻለ ጠባቂ ከየት ይመጣል?»

እናቶቹ ተንሰቀሰቁ። ግን እንዲህ ያለ ነገር በለቅሶ አይወሰንም ተብሎ መምህር አህያ ተጠራ። አህያ ለትምህርት ቤት መጽሐፍ ሲጭን የኖረ ነው። አንድ ቀን የጥንት ግሪኮች ስለ ንግግር የጻፉትን መጽሐፍ ግማሹን በልቷል። የቀረውን ጌታው ከአፉ አስጣለው።

«ንግግር በሦስት ነገር ይመዘናል» አለ፣ ከጅቡ ራቅ ብሎ ቆሞ። «አንደኛ፣ ተናጋሪው እንድናምነው አደረገን ወይ? አባቱን፣ አያቱን ጠቅሷል። ሁለተኛ፣ የሰሚውን ልብ ነካ ወይ? ይኸው ሁላችሁም ተነፋርቃችኋል። ሦስተኛ፣ ምክንያት አቀረበ ወይ? አቅርቧል፣ ጥርሱን። ሠላሳ ከሠላሳ።»

ልጇ ገና ሁለት ሳምንቱ የሆነ አንዲት አራስ ሚዳቋ ከኋላ ተነሳች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ አልተማርኩም። ግን እናት ነበረችኝ ሲል ልጄን ነበር የሚያየው። እንባው ሲወርድ ለሀጩም አብሮ ይወርድ ነበር።»

«ለሀጭ እኔ በበላሁት ገጽ ላይ የለም።»

«እርስዎስ ለምን ራቅ ብለው ቆሙ?»

«እሱ የግል ጉዳዬ ነው። ከንግግሩ ጋር አይገናኝም።»

ሁሉም ሳቁባት። ጎረቤቷ ድኩላ፣ «አንቺ ደግሞ ከወለድሽ ወዲህ ጥላሽንም ትፈሪያለሽ። ሠላሳ ከሠላሳ ያመጣ ነው እኮ» አለቻት።

የደገፈ ጆሮውን ያቁም ተባለ። ጆሮ ሁሉ ቆመ፤ የመምህር አህያ ረጅም ስለሆነ እንደ ሁለት ድምፅ ተቆጠረ። የሚዳቋ ጆሮ ብቻ እንደተጣጠፈ ቀረ።

በማግስቱ እናቶቹ ግልገሎቻቸውን አስረክበው ወደ ውሃ ሄዱ። ሚዳቋ ግን ልጇን ቁጥቋጦ ውስጥ ሸሽጋ፣ ቅጠል ላይ የቀረ ጠል እየላሰች በጥማት ዋለች።

አመሻሹ ላይ እናቶቹ ሲመለሱ አንድም ግልገል የለም። አያ ጅቦ ሆዱ ተነፍቶ ድንጋዩ ላይ በግድ ወጣ።

«እናቶቼ፣ ሀዘናችሁ ሀዘኔ ነው» አለና ከትናንቱ አብልጦ አለቀሰ።

መምህር አህያ ከትናንቱም ርቆ ቆመና፣ «የዛሬው እንባ እንዲያውም ይበልጣል። ንግግሩ ምንም አልጎደለውም» አለ።

ሚዳቋ ከቁጥቋጦው ውስጥ ልጇን ከሆዷ ሥር አስጠግታ፣ «እውነትዎን ነው መምህር» አለች። «ንግግሩ ምንም አልጎደለውም። የጎደሉት ግልገሎቹ ናቸው።»