ቴሌቪዥኑን የጋረድን ሽማግሌዎች

ቴሌቪዥን የለኝም፤ አስተያየት ግን ሞልቶኛል። ይሄ የእኔ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። እኛ አገር ስለ መኪና አብዝቶ የሚያወራው መኪና የሌለው ነው፤ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲመክርም ያልወለደውን የሚያክለው የለም። እኔም ፊልም የማየው ፀጉር ቤት ተራዬ እስኪደርስ፣ ምግብ ቤት ምሳዬ እስኪመጣ፣ አለዚያም ቡራዩ ያለችውን እህቴን ልጠይቅ ስሄድ ነው። ከመሃል እጀምራለሁ፣ ሳያልቅ እነሳለሁ። ፍርድ ለመስጠት ግን ይበቃኛል።

ለምሳሌ የካራቴ ፊልም ጥሩ ነው። ሃያ ሰው አንዱን ሊደበድብ ይመጣና ተራ በተራ ይገባለታል፤ አንዱ ተመትቶ እስኪወድቅ ሌላው እጁን እያወዛወዘ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ወረፋ ማክበር የቡራዩ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቢኖር እኮ ማንም ከሥራው ባልዘገየ! የህንዱንም አልጠላውም። ሰውየው ደረቱ በጥይት ተበሳስቶ እናቱን ይፈልጋል፣ ያገኛታል፣ ይዘፍንላታል፤ መሞት ትዝ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅሬታዬ የአገራችን ፊልም ላይ ነው። ፍቅረኛሞቹ ምግብ ቤት ይገባሉ፣ ክትፎ ያዛሉ፣ ክትፎው ይመጣል፣ ይጣላሉ። ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ትወጣለች፣ ልጁ ይከተላታል። ኧረ ክትፎው! እነሱ ታርቀው ሰርግ ሲደግሱ የእኔ ልብ ገና እዚያ ሳህን ላይ ነው።

ወደ አማርኛ የተመለሰው የውጭ ተከታታይ ድራማ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሥራ የሚሄድ ሰው የለበትም። ሁሉም ቤት ይውላል፤ አንዱ ምስጢር ሲያወራ ሌላው በር ሥር ቆሞ ያዳምጣል። በር ዘግቶ ማውራት የሚባል ነገር ቢያውቁ ኖሮ ድራማው ገና ድሮ ባለቀ። እንዲህ እያልኩ ስንቀው ኖሬ፣ የሰው ትዳር በእሱ ላይ ሲንጠለጠል አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰበታ በተከራየሁበት ግቢ ታምራት የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ አለ። ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ፣ ከፈረቃ ሲወጣ መዝሙር እያንጎራጎረ ልብሱን የሚያጥብ ጨዋ ልጅ ነው። እዚያው የምትሠራ ሌንሴ የምትባል የሱሉልታ ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ቤተሰቡ ሩቅ ስለሆነ "ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ" አለኝ። ችግሩ፣ ጫንጮ ያለ አንድ የእህል ነጋዴም ለእሷው ሽማግሌ ሊልክ ተነስቷል። እንደምታውቁት የሴት ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን ቀጠሮ እንጂ ልጅ አይሰጥም። ለእኛ ደግሞ ቀጠሮ ማለት እምቢታ ነው፤ ቀጠሯችን እስኪደርስ ነጋዴው ይቀድመናል። "በመጀመሪያው ቀን ካልሰጧችሁ አበቃልኝ" አለ ታምራት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። አንጀቴን በላው።

እሁድ ጠዋት ሦስት ሆነን ሱሉልታ ገባን፤ እኔ፣ ከታምራት ቸርች የመጡ አንድ ዝምተኛ አባት፣ ተናጋሪያችን ደግሞ ኦቦ ገመቹ። ኦቦ ገመቹ በከባድ መኪና ሾፌርነት ያረጁ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም የሚያስኬዱ ሰው ናቸው። "አካም ቡልተን!" ብለን ስንገባ ቤቱ ጢም ብሏል። አባትየው ኦቦ በዳዳ፣ እናትየው አዴ አያንቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተደርድረዋል። እኛን የሚጠብቁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካ ቴሌቪዥኑ በሩ አጠገብ ነው! ሳምንቱን መብራት ጠፍቶባቸው ያመለጣቸውን ድራማ በድጋሚ ሊያዩ ነው የተሰበሰቡት።

"ቁጭ በሉ እንጂ" አሉ ኦቦ በዳዳ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ኦቦ ገመቹ።

ወጉ ነዋ፤ ሽማግሌ የሚለምነው ቆሞ ነው። ቆምን። ሦስት ሰው፣ ሦስት ጋቢ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት።

ኦቦ ገመቹ ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። ትንሽ እንደሄዱ የቤቱ ሰው ራሱን ግራና ቀኝ ሲወዘውዝ አየሁ። እምቢታ መሰለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ በመሃላችን አሾልከው ሊያዩ ነው። ይሉኝታ ይዞኝ ጎንበስ ልል ስል ኦቦ ገመቹ በክርናቸው ጎሸም አድርገው "ቀጥ በል!" አሉኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ጋቢያቸውን የሚያስተካክሉ መስለው ክንዳቸውን ዘረጉና የቀረችውን ጥግ ዘጓት። ወይ ሾፌር! ዕድሜ ልካቸውን በጎጃም መንገድ ሚኒባስ አላሳልፍ ሲሉ የኖሩ ሰው፣ መጋረድ ያውቁበታል።

"ሰምተናል" አሉ ኦቦ በዳዳ አንገታቸውን እያሰገጉ። "ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ከዘመድ ልማከርና የዛሬ ወር ተመለሱ። አሁን በሉ ቁጭ በሉ።"

"ኦቦ በዳዳ፣ ቀጠሮ ይዘን አንቀመጥም። እሺ እስኪሉን ቆመን እንለምናለን።"

በዚህ መሃል ከኋላችን የሴት ልጅ ለቅሶ ተሰማ። አዴ አያንቱ ብድግ አሉ። "ምነው? ምን አላት? እርስዎ ዳር የቆሙት፣ እስቲ ይዩልኝ!"

ዞር ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁ። "ልጁ አባትየውን ለመነው። አባትየው ግን 'ድሃ ነህ፣ አገርህም ሩቅ ነው' ብሎ እምቢ አለ" አልኩ። ስለ አገሩ ያለውን እንኳ እኔ ነኝ የጨመርኩበት።

"ድሮም ደረቅ ነው!" አሉ ኦቦ በዳዳ ቱግ ብለው። "ልጅቷ ከወደደችው እሱ ምን ቤት ነው? ሰው ከሩቅ መጣ ተብሎ ይጠላል እንዴ?"

የጓዳው መጋረጃ ነቅነቅ ሲል አየሁት፤ ሌንሴ እዚያ ነበረች። ኦቦ ገመቹ ያን ሁሉ ንግግራቸውን ትተው ኦቦ በዳዳን ብቻ ዝም ብለው ያዩዋቸው ጀመር። ኦቦ በዳዳም አንገታቸውን ማስገግ ትተው አቀረቀሩ።

"የሌንሴ አባት" አሉ አዴ አያንቱ፣ "እሷም ወዳዋለች፤ እነዚህም እንደ ግድግዳ ተገትረውብናል። ይስጧቸውና ይቀመጡ እንግዲህ!"

ኦቦ በዳዳ በረጅሙ ተነፈሱ። "እሺ" አሉ። "ሰጥቻለሁ። በሉ ቁጭ በሉ።"

ከዚያ በኋላ ማን ድራማ ያያል! ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አዴ አያንቱ እልል እያሉ ልጃቸውን ሊያቅፉ ጓዳ ገቡ፤ ዝምተኛው አባት ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው "ሃሌ ሉያ!" አሉ። እኔ ለታምራት ደወልኩለት። "ጋሼ" ብሎ ቀረ። ደስታው በስልኩ አልፎ ወደ እኔ መጣ መሰለኝ፣ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

ስልኩን ዘግቼ ኦቦ በዳዳ ጎን ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ዓይናቸውንም በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እንዳየኋቸው ሲያውቁ በአገጫቸው ወደ ስክሪኑ አመለከቱኝ።

"ይሄ ድራማ" አሉ፣ "ሆድ ያባባል።"

ቀና ብዬ አየሁ። ማስታወቂያ ነበር፤ አንዲት ሴት በሳቅ ፍርስ እያለች ፓስታ ትቀቅላለች።

"እውነትዎን ነው" አልኳቸው፣ "በጣም ያሳዝናል።"