የደጃፉ ድንጋይ

«ድንጋይን ከመምታትህ በፊት አንኳኳና አድምጠው» ይለኝ ነበር አባቴ፣ መዶሻ ባቀበለኝ ቁጥር። ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ድምፁ እንደ ቅል ነው። ሰውም እንዲህ ተንኳኩቶ ቢታወቅ ስንት ጣጣ በቀረልን! እኔን ግን ያንኳኳኝ አልነበረም።

ድንጋይ የምንፈልጥበት ካባችን ከወደራ ወዲህ፣ ስሙን ሳይጠይቁ የሚሻገሩት ትንሽ ወንዝ ካለበት ሸለቆ ዳገት ላይ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ነገሌ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የደጃፉን መረገጫ ድንጋይ ላበጅ ተሳልኩ። ምእመኑ እየረገጠው ሲገባ «የማን እጅ ነው?» እንዲባልልኝ። ይሄ ጸሎት ነው? እኔስ ጸሎት መስሎኝ ነበር።

ድንጋዩን ወንዙ መሃል አገኘሁት። ነካ ባደርገው ዘመረ! ከባልደረባዬ ከተሰማ ጋር በዲጅኖ ፈንቅለን፣ በበሬ ጎትተን ካባው ድረስ አወጣነው። ሁለት ቀን ጠረብኩት። ከጽሕፈት የማውቀው ስሜን ብቻ ነውና እሱኑ ጎኑ ላይ ቀረጽኩ።

በዚያ አገር በበጋ ከብት የሚጠጣው በሦስት ቀን አንዴ ነው። በሦስተኛው ቀን ኦቦ ገልገሎ የሚባሉ ሽማግሌ ላሞቻቸውን ነድተው መጡ።

«አካም ኦቦ፣ ናጋ?» ብዬ በቋንቋቸው ሰላም መሆናቸውን ጠየቅኳቸው።

«ናጋው ምኑ ላይ ነው! ኩሬው የት ሄደ?»

ቁልቁል ባይ ኩሬ የለም። ለካ ውሃውን አግዶ የሚያቆየው ያ ድንጋይ ኖሯል! ላሞቹ ጭቃ ይልሳሉ፤ ዝናቡ ገና ሩቅ ነው።

«ለቤተ ክርስቲያን ብዬ ነው፣ ኦቦ።»

«ደግ አደረግህ። እንግዲህ ላሞቼን እዚያ ወስጄ ላጠጣቸው?»

ተሰማ ሳቁን ዋጠ። «ድንጋዩን አንኳኩተህ ወንዙን ምነው ዘለልከው?» አለኝ።

ወደ ላይ አንጋጥጬ አማተብኩ። ላሞቹ ግን ያዩኛል።

ሦስታችን ሆነን ድንጋዩን ወደ ቦታው መለስነው፤ ዙሪያውን በጭቃና በጠጠር ደፈንነው። ኩሬው እስኪሞላ ከላይ ካለው ምንጭ እየቀዳን በገንዳ አጠጣን። ስሜ ያለበት ጎን ወደ ጭቃው ዞሯል፤ እኔው በእጄ ለጠፍኩበት። ለቤተ ክርስቲያኑ ከካባው ሌላ ጠረብኩ፤ የማን እጅ ነው ያለ እስካሁን የለም።

በዓመቱ በጋ ወንዙ ዳር ተቀምጬ መሮ ስስል፣ ከያቤሎ ጨው ጭኖ የመጣ አንድ የማላውቀው ነጋዴ ያንን ድንጋይ ረግጦ ጎንበስ አለና ጠጣ። ጢሙን ጠራርጎ እንዲህ አለኝ፦

«ይህን ድንጋይ እዚህ ያስቀመጠውን ሰው አላህ ይስጠው፤ እግሬ ሳይረጥብ ጠጣሁ።»